እምቢታዬን ያመነው እንግሊዛዊ

ልጅ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሕፃን አፉን እንደፈታ ከእማማና ከአባባ ቀጥሎ የሚማረው ቃል "እምቢ" ነው። ይኼ የዓለም ልጅ ሁሉ ነው። የእኛ ልጅ ግን ትንሽ ከፍ ሲል ሌላ ትምህርት ይጨመርለታል፤ በእምቢ ውስጥ እሺን መደበቅ። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም። ከእናቱ ጋር ሰው ቤት ይሄዳል፣ ወጡ ይሸተዋል፣ ሆዱ ይጮኻል፣ እናቱ ደግሞ "ኧረ አሁን በልተን ነው የመጣነው!" ብላ ትምላለች፤ እሱ "መቼ በላን?" ሊል አፉን ሲከፍት ጭኑ ላይ ቁንጥጥ! ያቺ ቁንጥጫ ዩኒቨርሲቲ ናት። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ በቁንጥጫው በኩል ግን ዶክተር ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ያጣዋል? "በሞቴ!" "ኧረ ጠግቤያለሁ!" "አፈር ስሆን!" "አይሆንም ስልሽ!" "ካልበላሽማ ተቀይሜሻለሁ!" በዚህ ጊዜ እንግዳዋ በረጅሙ ተንፍሳ፣ ለጋባዧ ውለታ እንደምትውል ሆና፣ "እሺ፣ ለምርቃቱ ያህል" ትልና ሳህኑን እንደ ታጠበ አድርጋ ትመልሰዋለች። ሳትለመን የበላች ሴት ስሟ ይነሳል። ሳይለምን ማዕዱን ያነሳ ባለቤት ደግሞ ስሙ ከእሷም ይብሳል። እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ በር መዝጋት አይደለም፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ማን እንደሚገፋው ማየት ነው።

ይኼ የዓለም ሕግ ይመስለኝ ነበር። እንግሊዝ አገር እስክሄድ።

"አንቺ ደግሞ እንግሊዝ አገር ምን ጥሎሽ?" የምትሉ አላችሁ፤ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ልጎበኝ ነዋ! ምን፣ መጎብኘት ለፈረንጅ ብቻ ነው የተፈጠረው? እኔ ሲያትል ኤርፖርት ዊልቸር የምገፋ ሴት ነኝ። ወደ ፓሪስ የሚሄድ ሽማግሌ፣ ወደ ሃዋይ የምትሄድ አሮጊት፣ እግሩን በበረዶ ላይ የሰበረ ጎረምሳ፣ ስንቱን እየገፋሁ አውሮፕላን በር አድርሻለሁ። በሩ ጋ ስደርስ "ጉድ ትሪፕ!" እላለሁ፣ ባዶውን ወንበር አዙሬ እመለሳለሁ። እኔ ራሴ የምሄደው ለልቅሶ ወይ ለሰርግ ብቻ ነበር። ዝም ብሎ ለማየት መሄድ የሚባል ነገር በሕልሜም አልነበረ።

ሐሳቡን ያመጣችው ሳሮን ናት። ሳሮን የእህቴ የአልማዝ ልጅ ናት፤ አልማዝ ነፍሷን ይማርና ልጅቷ ገና ጥርሷን ሳትለውጥ ስላረፈች ያሳደግኋት እኔ ነኝ፣ ሲያትል አጠገብ ዴ ሞይን ባለችው ቤቴ። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ሠላሳን ዘልላለች፣ ሲያትል መሃል ካፒቶል ሂል ውስጥ ሻንጣ የምታህል አፓርታማ ተከራይታ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። አንድ ቀን ኮል አደረገችና፣

"አንቲ፣ ቫኬሽን ልወስድሽ ነው። ኢንግላንድ።"

"ማን ሞተ?" አልኳት።

"ማንም አልሞተም! ጀስት... ለማየት።"

ሶ፣ ሄድን። ለጸሎት ቡድናችን እህቶች "ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኖች ልናይ ነው" ብዬ ተሰናበትኩ፤ እውነት ነው፣ አይተናልም። ስለ ሌላው ገና እነግራችኋለሁ።

ለንደን እንደወረድን ዓይኔ መጀመሪያ የገባው ምን መሰላችሁ? ዊልቸር! አንዱ ልጅ አንዲት እናት ቁልቁለት ላይ ፊት ለፊት ይዟቸው ይወርዳል። ቁልቁለት ሲሆን ዞሮ በጀርባ ነው የሚወረደው፤ ወንበሩ ካመለጠ ራስህ ላይ ይቁም እንጂ! ልጮህበት ስል ሳሮን ክንዴን ያዘች። "አንቲ፣ ዩ አር ኦን ቫኬሽን።" ኦኬ፣ ዝም አልኩ። ዓይኔ ግን ዝም አላለም።

ከዚያ በኋላማ ያላየነው የለም። ቀይ ኮት ለብሶ፣ ጭንቅላቱ ላይ የጥቁር በግ ሙክት የሚያህል ጸጉር ደፍቶ የሚቆመውን ወታደር አየን። አይነቃነቅም። አፍንጫው ላይ ዝንብ ብታርፍ አያባርራትም። ሰው ሁሉ አጠገቡ እየቆመ ፎቶ ይነሳል፣ እኔ ግን ልጅነቱን አይቼ "ምሳ በልቶ ይሆን?" ከሚለው ማለፍ አልቻልኩም። ሜዳ ላይ የቆሙ ግዙፍ ድንጋዮችም አየን፤ ማን እንዳቆማቸው አይታወቅም፣ ለምን እንዳቆማቸው አይታወቅም፣ ከአራቱ ማዕዘን ግን አውቶቡስ ሙሉ ሰው እየመጣ ያያቸዋል። ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው እየታገለ እኔም ቆሜ አየሁ። ልንገራችሁ? ደስ ይላል! የማይታወቅ ነገርን ከማያውቁ ሰዎች ጋር ተሰልፎ ማየት ደስ ይላል።

በስተመጨረሻ ከለንደን ወጣ ብለን በባቡር አንዲት ትንሽ ከተማ ገባን። ወንዝ አላት፣ ካቴድራል አላት፣ ኮረብታ ላይ ደግሞ ቤተ መንግሥት አላት፤ ጣሪያ የለውም። ዴ ሞይን ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ቢኖር ጎረቤት ለከተማው ኮል አድርጎ በሳምንቱ ያስፈርሰዋል፤ እነሱ ቲኬት እያስቆረጡ ያስገባሉ። አስጎብኚው ንጉሡ እዚህ ተኛ፣ ንግሥቲቱ እዚያ አለቀሰች ሲለን እኔ ሌላ ነገር ነበር የሚከነክነኝ። እጄን አወጣሁ።

"ውሃውን እዚህ ላይ ማን ያወጣው ነበር? እና ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሽንት ቤቱስ?"

ሳሮን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አስጎብኚው ግን ፊቱ በራ። ዓመቱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ሌሎቹን ትቶ እኔን በጠባብ ደረጃ ይዞኝ ወጣና ግድግዳ ውስጥ የተቦረቦረች አንዲት ጉድጓድ አሳየኝ። ንጉሡ ቁጭ የሚልባት። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ቀጥ ብሎ ገደል ነው! ታች ድረስ ሣሩ ይታያል። "አቤት ብርዱ!" ስል ከኋላዬ የሳሮን ድምፅ መጣ፤

"አንቲ፣ እኔና ኦሊቨር ልንጋባ ነው።"

ይህንን ለመናገር ስንት ቦታ ነበር! ካቴድራሉ ነበር፣ ወንዙ ነበር። ልጄ ግን ትዳሯን የነገረችኝ የንጉሥ ሽንት ቤት ላይ አጎንብሼ ሳለሁ ነው።

ኦሊቨርን አውቀዋለሁ። ለሥራ ሲያትል መጥቶ የከረመ ረጅም ልጅ ነው፤ ሳሮን "ጓደኛዬ" ብላ ሁለት ጊዜ ቤቴ አምጥታዋለች። "ብላ" ስለው በላ። "ጨምር" ስለው ጨመረ። "በሞቴ" ስለው ሳሮንን ተርጉሚልኝ አለና ደንግጦ እንደገና ጨመረ። ላብ እስኪያጠምቀው በልቶ፣ ሲሄድ መኪናው ድረስ ጎንበስ ብሎ ነው የደረሰው። እኔ "እንዴት ያለ ሆዳም ልጅ ነው፣ ግን ይወደዳል" አልኩ። ለካ እሱ በእኛ ቤት እምቢ ማለት ነውር መስሎት ነው! ሊሞት ነበር እኮ ያ ልጅ።

"እዚህ ያመጣሁሽ ለእሱ ነው" አለች ሳሮን። "አባቱ እዚህ ከተማ ነው ያለው። ነገ ይጋብዘናል። አንቺ እሺ ካላልሽ አላገባም።"

ይኼ የመጨረሻው ቃል አንጀቴን በላው። እናት የላትም፣ አባቷ የት እንዳለ እንጃ። በዚህች ምድር ላይ "ስጡኝ" ተብሎ የሚጠየቅላት ሰው እኔ ብቻ ነኝ። አቀፍኳት። ልቤ እሺ ብሏል፤ ልቤማ ያን ጊዜ፣ እዚያው ጉድጓዷ አጠገብ ነው እሺ ያለው። ይህን ያዙልኝ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ካቴድራል ገብተን ጸለይንና ወደ አባትየው ሄድን። አባትየው አቶ ራልፍ ይባላሉ፣ ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፣ ሥራቸው ደግሞ... እህቶቼ አትቆጡ... የፐብ ባለቤት ናቸው። መጠጥ ቤት! ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ አሉ፤ እኔ በርበሬውን ትቼ መልስ መቀንጠስ ጀመርኩ፣ "ሙሽራው የማን ልጅ ነው?" ብለው ለሚጠይቁኝ። በሩ ላይ ሦስት ዝይዎች የተሳሉበት ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ጣሪያው ዝቅ ብሎ ጥቁር የእንጨት ወራጁ ግንባር ይገጫል፣ ወለሉ እንደ መርከብ ያዘነበለ ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ ጋር እኩያ ነው አሉ፣ ልዩነቱ ጣሪያ ስላለው ነው። ውስጡ እንደፈራሁት አይደለም። አያት ከልጅ ልጅ ጋር ይበላል፣ ሕፃን ይንፋቀቃል፣ እሳቱ አጠገብ አንድ ውሻ ተጋድሞ ያንኮራፋል። መጠጥ ቤት ሳይሆን የአንድ ሰፈር ሳሎን ነው የሚመስለው።

እሑድ ስለሆነ ቤቱ ጢም ብሏል፤ ኦሊቨር ማድ ቤት አባቱን እያገዘ ነው። ሳሮን እሳቱ አጠገብ አስቀመጠችኝና "መጣሁ አንቲ" ብላ ልታየው ሮጠች። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ለአማች ወግ እንደሚገባ፣ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። እንግዳ ነኝ። እንግዳ ተነስቶ ስጡኝ አይልም።

ማንም አልመጣም።

በግራዬ የተቀመጡት የተጠበሰ ሥጋ በመረቅ ይበላሉ። በቀኜ ዓሣ፣ ያ ውጭው ወርቅ መስሎ የሚንኮሻኮሸው። ሆዴ ያን የልጅነት ጩኸቱን ጀመረ። በመጨረሻ አቶ ራልፍ ራሳቸው ባዶ ብርጭቆ እየሰበሰቡ መጡ፤ ጺማቸው የተከበከበ፣ ትከሻቸው የበር ያህል። እጄን ጨበጡኝ፣ እንኳን መጣሽ አሉኝ፣ ከዚያ "የሚበላ ነገር ላምጣልሽ?" አሉ።

እኔም እንዳደግሁት፣ "ኖ ታንክ ዩ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" አልኩ። ደረቴ ላይ እጄን አድርጌ፣ ፈገግ ብዬ። የሚያምር እምቢታ ነበር።

"መልካም" አሉና ሄዱ።

ሄዱ! ዞር ብለው ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሌላ ብርጭቆ አነሱ። ከሌላ ሰው ጋር ሳቁ። ውሻው ከእንቅልፉ ነቅቶ አንድ ሕፃን የጣለለትን ሥጋ በላ። እሱ አልተጠየቀም እንኳ።

ሳሮን ስትመለስ "ምን አዘዝሽ?" አለችኝ።

"ሰውየው አልለመነኝም።"

"አንቲ! ኖ አልሽው እንዴ? እዚህ ኖ ማለት ኖ ነው! ደግሞ ፐብ ውስጥ ቁጭ ብሎ አይጠበቅም፤ ተነስተሽ ባንኮኒው ጋ ሄደሽ ነው የምትጠይቂው። አሁን ማድ ቤቱ ተዘጋ እኮ! ቆይ ለኦሊቨር ልንገረው።"

"እንዳታደርጊው!" እጇን ያዝኩ። "በልቻለሁ ያልኩ ሴት አሁን ተርቤያለሁ ብዬ ከአማች ፊት ልዋረድ? ሞቼ እገኛለሁ!"

ስለዚህ ያቺ በአማች ቤት የመጀመሪያ ምሳዬ አንድ ፌስታል ድንች ቺፕስ ሆነች፤ እሷንም እንዳትንኮሻኮሽ በምላሴ እያሟሟሁ።

ቤቱ ሲጎድል አባትና ልጅ መጥተው ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ኦሊቨር ጆሮው ቀልቷል። አቶ ራልፍ እጃቸውን በፎጣ አድርቀው፣ ፎጣውን አጥፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእንግሊዝኛቸው ቅላጼ ከሲያትሉ ስለሚለይብኝ ሳሮን ቃል በቃል ታስተረጉማለች።

"ልጄ ልጅሽን ይወዳታል። ያለ አንቺ ፈቃድ እንደማይሆን ነግሮኛል፤ ትክክል ነው። እኔ ንግግር አላውቅም። ትፈቅጂልናለሽ ወይ?"

እንዴት ደስ አለኝ! ሽማግሌ ባይልኩ፣ ቆመው ደጅ ባይጠኑም፣ በገዛ አፋቸው "ስጡን" አሉ። እንግዲህ ፍርዱን ለእናንተ ልስጥ። ዓሣ በመጀመሪያው እሺ አይባልም ብዬ ጾሜን የዋልኩ ሴት፣ የእህቴን ልጅ በመጀመሪያው እሺ ልበል? ልጅ እንደ ትኩስ ዳቦ ትታደላለች? በመጀመሪያ ቀን የተሰጠች ልጅ "ገፍተው አወጧት" አይባልም? አልማዝ ከመቃብሯ ምን ትለኛለች? እናትና አባቴ እኔን ሲጠየቁ ያሉትን ቃል አስታወስኩ፤ ፊቴን አጠቆርኩ፣ ዓይኔን ወደ ወለሉ ጣልኩ።

"አይሆንም። ልጃችን ገና ልጅ ናት። ትምህርቷንም አልጨረሰችም።"

ሳሮን አየችኝ። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ። "ተርጉሚ" አልኳት። ተረጎመች፤ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ሁለት ዲግሪ ያላት ልጅ ስለ ራሷ።

አቶ ራልፍ ያጠፉትን ፎጣ አነሱ። "ይገባኛል" አሉ በዝግታ። "እውነቱን ስለነገርሽን እናመሰግናለን።" ተነሱ፣ እጄን በአክብሮት ጨበጡ፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሄደው ብርጭቆ ማጠብ ጀመሩ።

ሰውየው አመነኝ!

ዕድሜዬን ሙሉ እምቢ ብያለሁ፤ አንድም ሰው አምኖኝ አያውቅም። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ኦሊቨር የጠረጴዛ ጨርቅ መስሎ ነጣ። ሳሮን ወንበሯን ገልብጣ ወጣች።

ሆቴል ደርሼ ሳገኛት ሻንጣ ውስጥ ልብስ ትጥላለች፤ በማግሥቱ ከሰዓት በረራችን ነበር። አለቀሰች። "አባቱ ከእሷ ፈቃድ ውጭ አልሄድም፣ ያሳደገች እናት ቃል ነው አለው። በቃ አለቀ። ዋይ፣ አንቲ? ዋይ?"

"ኧረ እኔ እሺ ልል ነበር እኮ! ሁለት ጊዜ ይመለሱ፣ ደጅ ይጥኑ፣ ሦስተኛው ላይ..."

"ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?"

"ለሙሽራዋ ከተነገረማ እምቢታው ምኑን እምቢታ ሆነ?"

አየችኝ። ልትስቅ ነው ወይ ልትጮህ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ በቀስታ "እማዬ ብትኖር እሺ ትል ነበር" አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

እሷስ ትተኛ፤ እኔ ከዚህ ወዲያ ምን እተኛለሁ? አልማዝን አውቃታለሁ። አልማዝ አፏ ሦስት ጊዜ እምቢ ይል ነበር፣ ዓይኗ ግን ከመጀመሪያው ይስቅ ነበር። የእኔ ጥፋት ዓይኔን ወለል ላይ መጣሌ ነው። ዓይኔን ቢያዩት ኖሮ እንኳን አቶ ራልፍ ውሻው ይገባው ነበር።

ሸለብ አድርጎኝ ኖሮ፣ ጠዋት ስነቃ የሳሮን አልጋ ባዶ ነው። ተናዳ ወጥታለች አልኩ። መስኮቱ ጋ ቆሜ አሰብኩ። አማች ይመለስ ብዬ ብጠብቅ አይመለስም፤ ሰውየው ቃሌን አክብሮ ቤቱ ተቀምጧል። ሽማግሌ ልላክ ብል ከየት ላምጣ? የሆቴሏን እንግዳ ተቀባይና የካቴድራሉን ደወል ደዋይ? ያን ጊዜ የሳሮን ቃል ትዝ አለኝ፤ እዚህ አገር ቁጭ ብሎ አይጠበቅም፣ ተነስተሽ ባንኮኒው ጋ ሄደሽ ነው የምትጠይቂው።

ነጠላዬን ለበስኩ። ወጣሁ።

ሦስቱ ዝይዎች መጠጥ ቤት ገና አልተከፈተም፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋሁት። አቶ ራልፍ ባንኮኒው ኋላ ቆመዋል፣ የሚገርመው ክራቫት አስረዋል። በጠዋት፣ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ክራቫት! ለምን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። የቢራ መቅጃዎቹ ፊት ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በዘራችን ሴት ብቻዋን ለሽምግልና ሄዳ አታውቅም፤ ደግሞስ የሴት ወገን ወንድ ሲጠይቅ ማን ሰምቷል? በዚያች በኤርፖርት እንግሊዝኛዬ፣

"ሰር" አልኩ፣ "ልጅህን እፈልጋለሁ። ለልጄ።"

ብርጭቆ እየወለወሉ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"አይሆንም" አሉ።

ምድር ዞረብኝ። ለካ ሲባሉት እንዲህ ያማል! ስንቱን ሰው እምቢ ብዬ አሳልፌያለሁ፣ እንዲህ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም። ባንኮኒውን ያዝኩና እንደገና ጠየቅሁ፤ እንግሊዝኛው አልቆብኝ ነበርና "በሞቴ!" አልኩ በአማርኛ።

አቶ ራልፍ ፊታቸውን አጠቆሩ፣ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። "አይሆንም" አሉ። "ልጃችን ገና ልጅ ነው። ትምህርቱንም አልጨረሰም።"

ጺማቸው ተንቀሳቀሰ። ከማድ ቤቱ በር ኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፍኖ ሲያስነጥስ ሰማሁ። ያቺ ማስነጠስ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት ማስነጠስ ናት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይላሉ፤ የእኔዋ በሌሊት ተነስታ መጥታ እምቢታን ለእንግሊዝ አስተምራለች! ክራቫቱም ለእኔ ነበር፤ ሰውየው ለሁለተኛው ልመና ወደ ሆቴሌ ሊመጡ ለብሰው ሳለ ነው የቀደምኳቸው።

"እንግዲያውስ አፈር ስሆን!" ብዬ ባንኮኒውን በጥፊ መታሁት፤ ሦስተኛዬ ነው።

"እሺ፣ እሺ፣ ይሁን!" አሉ አቶ ራልፍ፣ ዓይናቸውን በዚያው በብርጭቆ ፎጣ እየጠረጉ። ሳሮን ከማድ ቤቱ እየሮጠች ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ኦሊቨር ጭንቅላቱን ወራጁ ላይ ገጭቶ ተከተላት፣ ውሻው ጮኸ። እልል አልኩ። ያ ጣሪያ ስንት ዘመን ቆሞ ስንት ዘፈን ሰምቶ ይሆናል፣ እልልታ ግን የእኔ የመጀመሪያው ነው ብዬ እገምታለሁ።

ከዚያ አቶ ራልፍ "የሚበላ ነገር ላምጣልሽ?" አሉኝ።

እጄ ወደ ደረቴ ሊሄድ ተነሳ። የእናቴ ቁንጥጫ ጭኔ ላይ ተሰማኝ፣ እምላለሁ። "የስ" አልኩ። በመጀመሪያው! ዓሣው እንደዚያ ይጣፍጥ ይሆን አይሆን አላውቅም፤ ብቻ ሳይለምኑኝ የበላሁት የመጀመሪያው ምግቤ ነው፣ እውነት እውነት ሲል ተሰማኝ።

ሲያትል ተመልሼ ይኼ አዲስ ትምህርቴ ጉድ አፈላ። ጎረቤቴ እትዬ ለተብርሃን አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ የወግ ሰው ናቸው። ሳሙና ልዋስ ገብቼ "ምሳ ብዪ" ሲሉኝ "እሺ" ብዬ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ በድንጋጤ ቆመው ቀሩ። ለካ ድስቱ ባዶ ነበር! "ዋይ አነ! በልቻለሁ ትይኛለሽ ብዬ እኮ ነው!" አሉ። እስካሁን ለሰው ሁሉ "ያቺ ሴት እንግሊዝ አገር ምን አግኝቷት ነው?" እያሉ ይጠይቃሉ። እንግዲህ ጨዋነት ከሁለት አገር በአንድ ጊዜ አይያዝም፤ አንዱን ስታነሱ አንዱ ይወድቃል።

ሰርጉ በበጋ ነው፣ እዚህ። አቶ ራልፍ አውሮፕላን በር ላይ ሲደርሱ ዊልቸር ባያስፈልጋቸውም እኔው እገፋቸዋለሁ ብዬ ዝቻለሁ። ትናንት በቪዲዮ ኮል አደረጉ፤ ሳሮን አጠገቤ ነበረች።

"እንደመጡ የመጀመሪያው ራት ቤቴ ነው" አልኳቸው።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ፈገግ አሉ። "ኖ ታንክ ዩ" አሉ፣ "አሁን በልቼ ነው የመጣሁት።"

ውቅያኖስ ማዶ ሆነው፣ ገና ለመጪው በጋ ራት! እንዴት ያለ የሚያምር እምቢታ ነው! እኔ ራሴ ከዚህ የተሻለ ብዬ አላውቅም። እኔም አሁን ሠልጥኛለሁና እንደ ቤታቸው ወግ በአክብሮት "ይገባኛል፣ እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

"አንቲ!" ብላ ጮኸች ሳሮን።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ዝም አልኩት። እንደገና ጮኸ። ሳሮን ልታነሳው እጇን ስትዘረጋ እጇን መታ አደረግሁና ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው ላይ ነው የማነሳው።